«ትኩሳቱ ስንተኛ ቀኑ ነው?» የደንጊ ምርመራን ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ድሬዳዋ ወደምሠራበት ላብራቶሪ መጥተው መስኮቱ ላይ ሦስት ወረቀት ዘረጉልኝ። የልጃቸው ውጤት ነው። አንዱ «ወባ የለም» ይላል። ሁለተኛው «ታይፎይድ አለ» ይላል። ሦስተኛው ላይ በእስክርቢቶ «ደንጊ ኔጌቲቭ» ተጽፏል። ሦስቱም ከተለያየ ቦታ የመጡ ናቸው። ለሦስቱም ተከፍሏል። «የኔ ልጅ፣ የቱን ልመን?» አሉኝ። ልጁ ከኋላቸው አግዳሚው ላይ ጋደም ብሏል። ብርሃኑ ስለሚያመው ክንዱን ዓይኑ ላይ ጥሎታል።

ወረቀቶቹን ከማንበቤ በፊት «እናቴ፣ ትኩሳቱ መቼ ጀመረው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። በጣታቸው ቆጥረው «ሰኞ ጠዋት» አሉ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ስድስተኛ ቀኑ ማለት ነው። የደንጊው ምርመራ የተሠራው ደግሞ የዚያን ዕለት ጠዋት ነው። የተሠራለት ዓይነት ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልሆነ ብዙ የማይረዳው ነው። ወረቀቱ አልዋሸም፤ ቀኑ ነው ያለፈበት።

ይህን የምጽፈው እንደ እሳቸው ግራ ለገባው ሰው ነው። «የቱ ምርመራ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ይመጣብኛል። መልሱ ከአምራቹ ስም ወይም ከዋጋው ይልቅ ትኩሳቱ ከጀመረ ስንት ቀን እንደሆነው ላይ ያርፋል። የሕክምና ውሳኔው የሐኪም ነው። ይህ ጽሑፍ የሚረዳው ገንዘባችሁን የት እንደምታወጡ ለማወቅና ሐኪሙን ምን እንደምትጠይቁ ለመዘጋጀት ነው።

## በሽታው ራሱ

ደንጊ የቫይረስ በሽታ ነው። የሚያስተላልፈው ኤዴስ ኤጂፕታይ የሚባል ትንኝ ነው፤ ጥቁር ሆኖ እግሩ ላይ ነጭ ምልክት አለው። የሚናከሰው ቀን ነው፣ በተለይ ጠዋትና አመሻሽ ላይ። ረግረግ አይፈልግም። እኛ ቤት ያጠራቀምነው ንጹህ ውሃ ይበቃዋል፦ በርሜል፣ ጀሪካን፣ ሮቶ፣ ጓሮ የተጣለ ጎማ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በርሜል የሌለው ቤት የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደንጊ ለመጀመሪያ ጊዜ በላብራቶሪ የተረጋገጠው እዚሁ ድሬዳዋ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013። በዚያ ወረርሽኝ ከ9 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። ከዚያ ወዲህ በሶማሌ ክልል በጎዴና በቀብሪ ደሃር፣ በአፋርም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ድሬዳዋን ሌላ ቫይረስ መታት፣ ቺኩንጉኒያ። የሚያስተላልፈው ያው ኤዴስ ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። ያን ጊዜ እዚህ የነበረ ሰው ጎረቤቶቹ ግድግዳ እየያዙ ሲራመዱ አይቷል።

ነገሩን ያወሳሰበው ሌላም አለ። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የሚባል የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ። ዛሬ ድሬዳዋም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በበጋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያቱ እሱ ነበር። ሌሎቹ የወባ ትንኞች ከከተማ ይርቃሉ፣ ይሄ ግን አይርቅም። የሚፈለፈለው እዚያው በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከአንድ በርሜል ወባም ደንጊም ሊወጣ ይችላል። «ክረምት ስላልሆነ ወባ አይሆንም» የሚለው የድሮ ግምት እዚህ ከተማ ላይ አይሠራም።

የደንጊ ምልክት ከተነከሱ ከ4 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። ድንገት የሚነሳ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚወጋ ራስ ምታት፣ የጡንቻና የአጥንት ቁርጥማት፣ ማቅለሽለሽ፣ አንዳንዴ ሽፍታ። ብዙ ቤት መጀመሪያ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቃል። ክፋት የለውም፤ ብቻ በዚያ መሃል ሦስት ቀን ያልፋል። እነዚያ ሦስት ቀናት ደግሞ ለምርመራ ከሁሉም የሚበልጡት ናቸው።

## በምን እንመዝናቸው?

ምርመራዎቹን አንድ በአንድ ከማየታችን በፊት መስፈርቱን እናስቀምጥ። እኔ የምመዝነው በአራት ነገር ነው።

መጀመሪያ ቀኑ። ትኩሳት የጀመረበትን ዕለት «1ኛ ቀን» ብላችሁ ቁጠሩ። ሕመም የተሰማችሁ ማታ ቢሆንም ያው ቀን 1 ነው።

ቀጥሎ፣ ኔጌቲቭ ሲመጣ ምን ያህል ልታምኑት ትችላላችሁ? አንዳንዱ ምርመራ «አለ» ሲል ጎበዝ ነው፣ «የለም» ሲል ግን ብዙ አይታመንም።

ሦስተኛ፣ ከሌላ በሽታ ወይም ከክትባት ጋር ይምታታል ወይ?

አራተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ውጤቱ የሚደረግላችሁን ነገር ይለውጣል? ለደንጊ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ሕክምናው ፈሳሽ፣ ፓራሲታሞልና ክትትል ነው። ስለዚህ የበሽታውን ስም የሚነግረን ምርመራ አለ፤ በሽተኛው አደጋ ላይ መሆን አለመሆኑን የሚነግረን ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ገንዘብ ካጠረ እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ።

ዋጋና ቦታ በየከተማው ስለሚለያይ ቁጥር አልጽፍም። የትኛው ከየትኛው እንደሚረክስ ግን እነግራችኋለሁ።

## የወባ ምርመራ፦ ሳይሠራ የማይታለፍ

ርዕሳችን ደንጊ ቢሆንም የሚጀመረው ከወባ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወባ መድኃኒት አለው፣ ከዘገየ ደግሞ ይገድላል። ትኩሳት ያለበት ሰው ቆላ ከኖረ ወይም ከቆላ ከመጣ መጀመሪያ ወባ ይታይለት።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በማይክሮስኮፕ የሚታየው የደም ፊልም ነው። ሌላው በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ነው። ፈጣኑ ይመቻል፣ ግን ሁለት ነገር እወቁለት። ወባ ታክማችሁ ከዳናችሁ በኋላም ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ባለፈው ወር ወባ የታከመ ሰው ዛሬ በሌላ በሽታ ቢታመም ፈጣኑ ምርመራ ሊያሳስተው ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ አገራችን ውስጥ በዚህ ምርመራ የማይያዝ የፋልሲፓረም (የከባዱ ወባ ተሕዋስ) ዓይነት ተገኝቷል። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ ፊልሙ ይሠራ። ፊልሙ አንዴ ኔጌቲቭ ሆኖ ትኩሳቱ ከቀጠለም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደገም።

ወባ ተገኘ ማለት ደንጊ የለም ማለት አይደለም። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ወባው ታክሞ ትኩሳቱ እንቢ ካለ ተመለሱ።

## ኤን ኤስ ዋን፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምርመራ

ኤን ኤስ ዋን ቫይረሱ ሲራባ ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን ነው። ምርመራው ይህን ፕሮቲን ነው የሚፈልገው። ከእርግዝና ምርመራ ጋር የሚመሳሰል ትንሽ ነጭ ፕላስቲክ ነው። ደም ጠብ ይደረግበታል፣ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠበቃል፣ መስመር ይነበባል። «ሲ» አጠገብ ያለው መስመር ምርመራው መሥራቱን ያሳያል። እሱ ካልወጣ ውጤቱ ዋጋ የለውም፣ እንደገና ይሠራ። «ቲ» አጠገብ መስመር ከወጣ፣ ደብዘዝ ያለም ቢሆን፣ ፖዘቲቭ ነው። ፕላስቲኩ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ የሚነበብበት ጊዜ ካለፈ በኋላ የወጣ ደብዛዛ መስመር ግን አይቆጠርም። ይህን የምለው እኔም ሥራ በጀመርኩበት ወቅት ወረፋ በዝቶብኝ ከሰዓቱ ያለፈ መስመር አንብቤ ስለማውቅ ነው። አለቃዬ አስቆመችኝ፣ አስደገመችኝ፣ ኔጌቲቭ ሆነ።

ጥንካሬው ከቀን 1 ጀምሮ መሥራቱ ነው። የተሻለ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው። ከ5ኛው ቀን በኋላ ኃይሉ ይቀንሳል። ፖዘቲቭ ከሆነ በጣም ይታመናል፤ ወባንና ታይፎይድን ከደንጊ አያምታታም።

ድክመቱ ኔጌቲቩ ላይ ነው። በተለይ ከዚህ በፊት ደንጊ ይዞት በሚያውቅ ሰው። የደንጊ ቫይረስ አራት ዓይነት ነው። አንዱ ሲይዘን ከዚያው ዓይነት ለረጅም ጊዜ እንጠበቃለን፣ ከሌሎቹ ሦስቱ ግን አንጠበቅም። በሁለተኛው ጊዜ ሰውነታችን ከበፊቱ ያስቀረው መከላከያ (አንቲቦዲ) ፕሮቲኑን ቶሎ ይሸፍነዋል፣ ምርመራውም ላያገኘው ይችላል። የሚያሳዝነው፣ ሁለተኛው ደንጊ የመክበድ ዕድሉ ከመጀመሪያው የበለጠ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2013 የታመመ የድሬ ሰው ዛሬ ኤን ኤስ ዋን ኔጌቲቭ ቢሆን «ነፃ ነኝ» ብሎ አይተኛ።

ዋጋው ከወባ ምርመራ ይወደዳል፣ ከፒ ሲ አር ግን በብዙ ይረክሳል። ወረርሽኝ ባለበት ወቅት አንዳንድ የመንግሥት ጤና ተቋማት ይኖራቸዋል፤ ጠይቁ።

## አይ ጂ ኤም እና አይ ጂ ጂ፦ ዘግይቶ ለመጣ

እነዚህ ሰውነታችን ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራቸው አንቲቦዲዎች ናቸው። ለመመረት ጊዜ ይወስዳሉ። አይ ጂ ኤም ከ3ኛ እስከ 5ኛ ቀን ባለው ጊዜ ከሕሙማኑ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ይታያል። በ10ኛው ቀን ሁሉም ሊባል በሚችል ደረጃ ይታይባቸዋል። ስለዚህ በቀን 2 አይ ጂ ኤም ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው። ይህን በግልጽ እናገራለሁ። በቀን 2 ኔጌቲቭ መሆኑ ምንም አይነግራችሁም።

አይ ጂ ኤም ከተገኘ በቅርቡ ደንጊ ይዟችኋል ማለት ነው። «በቅርቡ» የሚለው ቃል ላይ አስምሩበት። ከደም እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። የዛሬው ትኩሳት በሌላ ምክንያት ሆኖ የወር በፊቱ ደንጊ ሊታይ ይችላል። አይ ጂ ጂ ብቻውን ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድሮ ይዟችሁ ነበር ማለት ነው፤ ዕድሜ ልክ ይቆያል። ብዙ ሰው «አይ ጂ ጂ ፖዘቲቭ» የሚለውን አይቶ ደንግጦ ይመጣል። አትደንግጡ፣ ከሐኪም ጋር አንብቡት። ለሁለተኛ ጊዜ የተያዘ ሰው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ አይ ጂ ጂ ቶሎና ከፍ ብሎ ይወጣል፣ አይ ጂ ኤም ደካማ ሊሆን ወይም ጭራሽ ላይታይ ይችላል።

ሌላው ችግር መምታታት ነው። የደንጊ ቫይረስ ከቢጫ ወባ፣ ከዚካና ከዌስት ናይል ቫይረስ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። አንቲቦዲው አንዱን ከአንዱ ላይለይ ይችላል። የቢጫ ወባ ክትባት የወሰደ ሰውም እንዲሁ ሊያሳስት ይችላል። ለጉዞ ክትባቱን የወሰዳችሁ፣ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ለባለሙያው ንገሩ።

ገበያ ላይ ኤን ኤስ ዋን፣ አይ ጂ ኤም እና አይ ጂ ጂን አንድ ላይ የያዘ ጥምር ምርመራ አለ። ከ4ኛ እስከ 7ኛ ቀን ለመጣ ሰው የእኔ ምርጫ እሱ ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይነሳል።

## ፒ ሲ አር፦ ጥሩ ነው፣ ግን ለማን?

የቫይረሱን ዘረመል በቀጥታ የሚፈልግ ምርመራ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ በተለይ እስከ 5ኛው ቀን፣ ከሁሉም የሚታመን እሱ ነው። ከአራቱ የደንጊ ዓይነቶች የትኛው እንደሆነም ይለያል። ደንጊን፣ ቺኩንጉኒያንና ዚካን አንድ ላይ መለየት የሚችልም አለ።

ግን ውድ ነው፣ ማሽንና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ናሙናው ቅዝቃዜውን ጠብቆ መጓጓዝ አለበት። አገራችን ውስጥ ወረርሽኝ ሲጠረጠር ናሙና አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል። ያ ለከተማው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምን እንደገባ ይታወቃል፣ እርምጃ ይወሰዳል። አልጋ ላይ ላለው ሰው ግን ውጤቱ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ትኩሳቱ አልፏል። ስለዚህ ቤተሰብ ተበድሮ ፒ ሲ አር ሊያሠራ ሲል ሳይ «ተዉት፣ በዚያው ገንዘብ የደም ሴል ቆጠራውን፣ ሲ ቢ ሲውን፣ ደጋግማችሁ አሠሩለት» እላለሁ። ነፍሰ ጡርና በጽኑ የታመመ ሰው ላይ ሐኪሙ ካዘዘው ሌላ ነገር ነው።

## ሲ ቢ ሲ፦ ስም የማይሰጥ፣ ነፍስ የሚያድን

ሲ ቢ ሲ የደም ሴሎች ቆጠራ ነው። ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ እንኳ ይገኛል። «ደንጊ» ብሎ አይጽፍላችሁም። ግን እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው እሱን ነው። ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ደንጊ የሚከፋው ትኩሳቱ ሲነድ ሳይሆን ሲወርድ ነው። ከ3ኛ እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳቱ ይለቃል፣ ቤተሰብ «እሰይ» ይላል። አብዛኛው ሰው በእርግጥም ይሻለዋል። ጥቂቶች ላይ ግን በዚያው ሰዓት የደም ሥሮች ፈሳሽ ማሾለክ ይጀምራሉ። ውሃው ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ሆድና ወደ ሳንባ ዙሪያ ይገባል። የቀረው ደም ይወፍራል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ይህ አደገኛ ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። በጊዜው በልክ ፈሳሽ ያገኘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል።

ሲ ቢ ሲ ይህን ቀድሞ ያሳያል። ሦስት ቁጥር እዩ። ነጭ የደም ሴል ቀድሞ ይወርዳል። ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕላትሌት ቀጥሎ ይወርዳል፤ ጤነኛ ሰው ላይ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ነው፣ ከ100 ሺህ በታች ሲሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ሄማቶክሪት ነው፣ ከደሙ ውስጥ የቀይ ሴሉ ድርሻ። ብዙ ሰው ፕላትሌት ላይ ብቻ ያፈጣል። ፕላትሌት እየወረደ ሄማቶክሪት እየወጣ ከሆነ ግን ፈሳሹ እየሾለከ ነው ማለት ነው፤ ሐኪም ቶሎ የሚነሳው ያን ሲያይ ነው። ከራስ መነሻ 20 በመቶ ከወጣ ከባድ ምልክት ነው። «ከራስ መነሻ» ለማለት ደግሞ የመጀመሪያ ቀኑ ቁጥር ያስፈልጋል። ሲ ቢ ሲ ቶሎ ተሠርቶ የሚደገመው ለዚህ ነው።

ወደዚያ ልጅ እንመለስ። በ6ኛው ቀን ጥምሩን ሠራሁለት፤ አይ ጂ ኤሙ ወጣ። ሲ ቢ ሲው ላይ ፕላትሌቱ 68 ሺህ ነበር። ትኩሳቱ ጠዋት ለቆታል፣ እናቱም የተሻለው መስሏቸው ነበር። ሆዱን ስጠይቀው ግን ፊቱን አጨማደደ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ አስመልሷል፣ ሽንትም አልሸናም። ወረቀቱን ይዘው በባጃጅ በቀጥታ ሆስፒታል እንዲሄዱ ነገርኳቸው። ፈሳሽ ተሰጥቶት ከሦስት ቀን በኋላ ወጣ።

## ዊዳል፦ ብዙ የምንከፍልበት፣ ጥቂት የምናገኝበት

«ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ያ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ዊዳልና ዌይል ፌሊክስ ከሚባሉ የቆዩ ምርመራዎች ነው። የሚያዩት አንቲቦዲ ነው። በሽታው በሚዘወተርበት አገር ጤነኛ ሰው ላይም ያ አንቲቦዲ ሊኖር ይችላል። ሌላ ትኩሳትም ሊያስነሳው ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል ታይፎይድን አያረጋግጥም። የእኚያ እናት ልጅ በዚያ ወረቀት ምክንያት አንቲባዮቲክ ጀምሮ ነበር። አንቲባዮቲክ ቫይረስ ላይ አይሠራም። ታይፎይድ በእውነት ከተጠረጠረ የሚሻለው አንቲባዮቲክ ሳይጀመር የሚሠራ የደም ካልቸር ነው።

## ደንጊ ነው ወይስ ቺኩንጉኒያ?

ሁለቱን በምልክት ብቻ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። የሚያዘነብሉበት ግን አለ። ቺኩንጉኒያ መገጣጠሚያ ይይዛል፦ የእጅ አንጓ፣ ጣት፣ ቁርጭምጭሚት። ያብጣል፣ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ጠዋት ተነስቶ የቡና ስኒ መያዝ ያቃተው ሰው ካለ እኔ ወደዚያ አስባለሁ። ደንጊ ደግሞ ፕላትሌት መጣልና መድማት ላይ ይብሳል። ለቺኩንጉኒያ የራሱ አይ ጂ ኤም እና ፒ ሲ አር አለው፤ የደንጊው ኤን ኤስ ዋን አያገኘውም። ካልተለየ ግን ደንጊ ነው ብሎ መጠንቀቅ ይሻላል፣ ቶሎ የሚገድለው እሱ ነውና።

## በአንድ እይታ

| ምርመራ | የሚጠቅመው ጊዜ | ኔጌቲቭ ሲሆን | የሚምታታበት | ውጤት የሚደርስበት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ወባ (ፊልም ወይም ፈጣን) | ከቀን 1 ጀምሮ | ትኩሳት ከቀጠለ ይደገም | ፈጣኑ፦ የታከመ የቅርብ ወባ | በዚያው ዕለት | ዝቅተኛ |
| ኤን ኤስ ዋን | ቀን 1–5፣ በተለይ 1–3 | ደንጊን አያስቀርም | እምብዛም | 15–20 ደቂቃ | መካከለኛ |
| አይ ጂ ኤም / አይ ጂ ጂ | ከቀን 5 በኋላ | ቀድሞ ከተሠራ ትርጉም የለውም | ዚካ፣ ቢጫ ወባና ክትባቱ፣ የቆየ ደንጊ | 15–20 ደቂቃ (ፈጣኑ) | መካከለኛ |
| ጥምር (ሦስቱም) | ቀን 4–7 | የተሻለ ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም | ከላይ እንዳለው | 15–20 ደቂቃ | ከነጠላው ከፍ ያለ |
| ፒ ሲ አር | ቀን 1–5፣ እስከ 7 | በጊዜው ከተሠራ የሚታመን | እምብዛም | ቀናት ሊወስድ ይችላል | ከፍተኛ |
| ሲ ቢ ሲ | ሁልጊዜ፣ እየተደጋገመ | የበሽታውን ስም አይነግርም | ፕላትሌት በወባም ይወርዳል | በዚያው ዕለት | ዝቅተኛ |
| ዊዳል | ለደንጊ አይረዳም | — | ብዙ ነገር | በዚያው ዕለት | ዝቅተኛ፣ ግን የባከነ |

## ለእናንተ የቱ?

ቀን 1–3፣ ገንዘብ የተወሰነ ከሆነ። ወባና ሲ ቢ ሲ። የተረፈ ካለ ኤን ኤስ ዋን። ሲ ቢ ሲው በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን እንዲደገም ከአሁኑ ገንዘብ አስቀሩ።

ቀን 4–7። ወባ፣ ሲ ቢ ሲ፣ ጥምር። በዚህ ጊዜ ትኩሳቱ ቢለቅም ክትትሉን አታቋርጡ።

ከሳምንት በላይ የሆነው። ኤን ኤስ ዋን አያስፈልግም። አይ ጂ ኤም በቂ ነው። ትኩሳቱ ከሳምንት በላይ እየነደደ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ይፈለግ፤ ደንጊ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ነው የሚያተኩሰው።

ነፍሰ ጡር፣ ከአንድ ዓመት በታች ሕፃን፣ አዛውንት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት። ምርመራ ስትመርጡ አትቆዩ። በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። እነዚህ ሰዎች ደህና ቢመስሉም ተኝተው መታየት ሊኖርባቸው ይችላል።

ላብራቶሪ የሌለበት ገጠር። ጤና ኬላ ላይ የወባ ምርመራ አለ፤ እሱ ይሠራ። ለቀሪው ቀን ቁጠሩ፣ ሽንት ተከታተሉ፣ ከታች ያሉትን የአደጋ ምልክቶች እዩ። ጤና ጣቢያ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ካለ ባለሙያው በላይኛውና በታችኛው ግፊት መካከል ለ5 ደቂቃ ነፍቶ ይዞ ክንዱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ መውጣቱን ማየት ይችላል። ደንጊን አያረጋግጥም፣ ጥርጣሬን ግን ያጠናክራል፤ ወጪም የለውም።

ከጅዳ የተመለሰ ወይም ድሬን ጎብኝቶ ውጭ የተመለሰ። ጅዳ ውስጥ ደንጊ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ላይ ትኩሳት ቢነሳባችሁ ሐኪሙ ደንጊን ላያስብ ይችላልና ከየት እንደመጣችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ተመልሳችሁ ቢያማችሁም እንዲሁ፤ መጀመሪያ የወባ ምርመራ ጠይቁ፣ ከዚያ ደንጊና ቺኩንጉኒያ። ትኩሳቱ የጀመረው ከተመለሳችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሆነ ከዚያ ያመጣችሁት ደንጊ የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ወባ ግን ከዚያም በኋላ ሊነሳ ይችላል።

## ውጤት እስኪመጣ ቤት ውስጥ

ለትኩሳትና ለሕመም ፓራሲታሞል ብቻ። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ፣ አይበልጥ። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አትስጡ፤ ደም ያቀላሉ፣ ጨጓራ ያደማሉ። በተለይ «አንድ መርፌ ውጉኝና ልገላገል» እያሉ ዳይክሎ የሚወጉ ብዙ ናቸው። እባካችሁ ደንጊ አለመሆኑ ሳይታወቅ አትወጉ።

ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ይሰጥ፦ ለምለም፣ አጥሚት፣ የሾርባ ውሃ፣ ጭማቂ። በሽተኛው ቢያንስ በየ6 ሰዓቱ ሽንት መሽናት አለበት።

ከእነዚህ አንዱ ከታየ የትኛውም ወረቀት ኔጌቲቭ ቢል ወደ ሆስፒታል፦ የማያቋርጥ የሆድ ሕመም፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ የድድ ወይም የአፍንጫ ደም፣ ደም የተቀላቀለበት ትውከት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፣ የትንፋሽ ማጠር።

በሽተኛው ትኩሳት ላይ እስካለ ቀንም አጎበር ውስጥ ይተኛ። በእነዚያ ቀናት ቫይረሱ ደሙ ውስጥ ስላለ የነከሰችው ትንኝ ወስዳ ለወንድሙ ወይም ለጎረቤቱ ልታደርሰው ትችላለች። በርሜሉን ክደኑት፤ በሳምንት አንዴ ባዶ አድርጋችሁ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉት፣ እንቁላሉ እዚያ ተጣብቆ ነው የሚቀረው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። ወደ ላብራቶሪ ስትመጡ የድሮ ወረቀቶቻችሁን በሙሉ ይዛችሁ ኑ። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይም ትኩሳቱ የጀመረበትን ዕለትና ደም የተሰጠበትን ዕለት በእስክርቢቶ ጻፉበት።